ኮሞዶር 64ን ዳግም ማስነሳት፦ መጀመሪያ ስፒናውን ይተዉት

ከዘመድ ምድር ቤት ወይም ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ ኮሞዶር 64 ከነዲስክ ድራይቩ እጅዎ ገባ እንበል። የማንም ሰው የመጀመሪያ ፍላጎት ሰክቶ ማየት ነው። ብዙ ማሽኖችን የጨረሳቸውም ይኸው ነው። ኮምፒውተሩ ለዓመታት በካርቶን ተቀምጦ ደህና ሊሆን ይችላል፤ አብሮት ያለው የኃይል ሳጥን ግን በመጀመሪያዋ ደቂቃ ሊያቃጥለው ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አይዝለሉ፦ መጀመሪያ ኃይሉ፣ ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ከቴሌቪዥን ጋር ብቻውን፣ ከዚያ በኋላ ተቀጥላዎቹ አንድ በአንድ። ሁሉን በአንድ ጊዜ የሰካ ሰው አንድ ነገር ሲበላሽበት የትኛው እንዳበላሸው አያውቅም።

ለሥራው ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። መልቲሜትር፣ ባለመስቀል ካቻቪቴ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ፣ እና 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ይበቃል። ሽቶም አረቄም አልኮል አለው ብለው እንዳይሞክሩት፤ ውሃውና ቅባቱ የሚተወው ነገር ከቆሻሻው ይብሳል።

ከየት አገር ነው የመጣው?

ኮሞዶር 64 ለገበያ የቀረበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 በ595 ዶላር ነው፤ ኩባንያው እስከከሰረበት እስከ 1994 ድረስም ሲመረት ቆይቷል። በአሜሪካም በአውሮፓም በብዛት ስለተሸጠ ዛሬ ሰው እጅ የሚገባው ከሁለቱ አንዱ ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከዳላስ የመጣው 120 ቮልትና 60 ኸርዝ የሚፈልግ፣ ምስሉን ኤንቲኤስሲ በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የሚያወጣ ነው። ከጀርመን ወይም ከእንግሊዝ የመጣው ደግሞ ለ220 ወይም ለ240 ቮልት፣ ለ50 ኸርዝ የተሠራ፣ ምስሉም ፓል ነው። አዲስ አበባ ላይ ግድግዳው የሚሰጠው 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ስለሆነ የጀርመኑ ያለ ጣጣ ይሠራል። የአሜሪካው ሳጥን በቀጥታ ከተሰካ ግን አለቀለት። ከሳጥኑ ሥር የተጻፈውን ቮልት ሳያነቡ ስፒና አይንኩ።

የቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር መግዛት ይቻላል። ነገር ግን መቀነሻ ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም፤ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ሲሠራ ይበልጥ ይግላል፣ ያረጀ ሳጥን ደግሞ ትርፍ ሙቀት አይችልም። እኔ የምመክረው የአሜሪካውን ሳጥን ለመታሰቢያ አስቀምጦ ለ220 ቮልት የተሠራ አዲስ መግዛት ነው። መቀነሻውን ለዲስክ ድራይቩ ያቆዩት፤ እሱ ትራንስፎርመሩ በሆዱ ውስጥ ነው። መብራት እየጠፋ በሚመጣበት ሰፈር ከሆኑ ደግሞ ሁሉንም በስታቢላይዘር በኩል ያድርጉት፤ መብራት ሲጠፋም ማብሪያዎቹን ያጥፉ፤ ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ለእነዚህ ዕቃዎች አይበጅም።

የኃይል ሳጥኑ

ይህን ክፍል ረጋ ብለው ያንብቡት። የኮሞዶር 64 የኃይል ሳጥን ሁለት ነገር ይሰጣል፦ 5 ቮልት ዲሲ እና 9 ቮልት ኤሲ። 5 ቮልቱን የሚቆጣጠረው አካል ከሳጥኑ ውስጥ በደረቀ ሙጫ ተቀብሮ ነው ያለው። ሙቀቱ መውጫ የለውም፤ ሲከፈትም አይጠገንም። ይህ ተቆጣጣሪ ሲያረጅ ዝም ብሎ አይሞትም፤ ይለቀዋል። 5 መሆን የነበረበት ቮልት 6፣ 7 እያለ ይወጣና በቀጥታ ሜሞሪ ቺፖቹ ላይ ይወርዳል። እነሱም አንድ በአንድ ያልቃሉ።

ስለዚህ የሳጥኑን ገመድ ከኮምፒውተሩ ነቅለው፣ ሳጥኑን ብቻ ግድግዳ ላይ ሰክተው ይለኩ። ከጫፉ ላይ ያለው ሶኬት ሰባት እግሮች በቅስት ተደርድረውበታል። በቅስቱ ሁለት ጫፎች ላይ ያሉት የ9 ቮልት ኤሲ ናቸው። መልቲሜትሩን ኤሲ ላይ አድርገው በሁለቱ መካከል ሲለኩ ጭነት ስለሌለበት ከ9 ትንሽ ከፍ ቢል አይደንግጡ። የቅስቱ መሐል ላይ ያለው እግር መሬት ነው፤ ከእሱ ግራና ቀኝ ካሉት አንዱ 5 ቮልት ይሰጣል፣ ሌላው ባዶ ነው። መልቲሜትሩን ወደ ዲሲ አዙረው ጥቁሩን መዳሰሻ መሐል ላይ፣ ቀዩን ጎረቤቱ ላይ ያድርጉ። እግሮቹ ተቀራራቢ ናቸውና መዳሰሻዎቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ እጅዎን ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉ።

ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ባለው ውስጥ ከሆነ ለጊዜው ይሁን። ከ5.25 ካለፈ ሳጥኑን ዳግም አይጠቀሙበት፤ «ትንሽ ነው ያለፈው» የሚባል ነገር የለም። ልኩ ጥሩ ሆኖ ከተገኘም ግማሽ ሰዓት ተሰክቶ ይቆይና እንደገና ይለኩት፤ ብዙዎቹ የሚለቁት ከሞቁ በኋላ ነው።

እውነቱን ለመናገር ይህ ሁሉ ልኬት የሚነግርዎት ሳጥኑ ዛሬ ደህና መሆኑን ብቻ ነው። ለነገ ዋስትና አይሰጥም። ዛሬም ለኮሞዶር 64 አዲስ ሳጥን የሚሠሩ አሉ፤ 5 ቮልቱ ሲያልፍ ኃይሉን የሚቆርጥ፣ በሳጥኑና በኮምፒውተሩ መካከል የሚገባ ትንሽ መከላከያም ይሸጣል። ለዚህ ማሽን ገንዘብ የሚያወጡት አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ እዚህ ላይ ያውጡት።

ከፍቶ ማየት

የዳቦ ቅርጫት የመሰለው ቀደምቱ ሞዴል ከፊት በኩል ከሥሩ ሦስት ብሎኖች አሉት። እነሱን ፈትተው ክዳኑን እንደ መጽሐፍ ወደ ኋላ ያንሱት፤ ግን ቀስ ብለው፤ የኪቦርዱ ሰፊ ገመድና የቀይ መብራቷ ቀጭን ሽቦ ከቦርዱ ጋር ተያይዘዋል። የት እንደነበሩ በስልክዎ ፎቶ ያንሱና ይንቀሏቸው። ከሥር በብር ወረቀት የተለበጠ ካርቶን ካገኙ ያውጡት፤ ሙቀት ከማፈን ያለፈ ጥቅም አይሰጥዎትም። ቆርቆሮ ሆኖ ቺፖቹን በጣቶቹ የሚነካ ዓይነት ከሆነ ግን ይተዉት፤ እሱ ሙቀት ይወስዳል።

አቧራውን በብሩሽ ያራግፉ። ቦርዱን ከመንካትዎ በፊት መሬት ያለውን ብረት ይንኩ፤ በተለይ በበጋ ደረቅ አየር፣ ምንጣፍ ላይ ሲሄዱ የሚያጠራቅሙት ኮረንቲ እነዚህን ቺፖች ለመግደል ይበቃል። በኋላና በጎን ያሉትን መሰኪያዎች በአልኮል በነከሩት ጥጥ ይጥረጉ። የካርትሪጅ እግሮች ከጠቆሩ በላጲስ ቀስ ብለው ይሹና ፍርፋሪውን ያራግፉ።

ቀደም ሲል የነካካው ሰው ከሌለ ሌላ ምንም አይቀይሩ። «አሮጌ ከሆነ ካፓሲተሮቹን ሁሉ ቀይር» የሚል ምክር ይሰማሉ። ለአንዳንድ የኋለኛ ዘመን ኮምፒውተሮች፣ ለምሳሌ ለአሚጋ 1200፣ ምክሩ ትክክል ነው፤ ካፓሲተሮቹ እያፈሰሱ ቦርዱን ይበሉታል። የኮሞዶር 64 ግን በአብዛኛው ጤነኞች ናቸው። ያልታመመውን እየነቀሉ ቦርዱን ከማሳመም መታቀብ ይሻላል። የቢጫነት ነገርም እንዲሁ፤ ፕላስቲኩን በሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ የሚያነጡ አሉ፣ እኔ ግን ማሽኑ ሳይነሳ ስለ መልኩ መጨነቁ አይታየኝም።

የመጀመሪያው ማብራት

ኮምፒውተሩን ከቴሌቪዥን ጋር ብቻ ያገናኙ። ዲስክ ድራይቭም ካርትሪጅም ጆይስቲክም አይኑር። በአንቴና በኩል የሚሄደውን አሮጌ ግንኙነት ይተዉትና ባለስምንት እግር መሰኪያውን ወደ ቢጫና ነጭ የቪዲዮና የድምፅ ጃክ የሚያወጣ ገመድ ይጠቀሙ፤ ምስሉ በጣም ይለያል። የአሜሪካው ማሽን በአሮጌ የፓል ቴሌቪዥን ላይ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ወይም እየተንከባለለ ሊታይ ይችላል። ያ የቴሌቪዥኑ እንጂ የኮምፒውተሩ ችግር አይደለም፤ ሁለቱንም ሥርዓት የሚያነብ ቴሌቪዥን ይፈልጉ።

ሲበራ ማየት ያለብዎት ይህ ነው፦ ሰማያዊ ገጽ፣ ፈካ ባለ ሰማያዊ ጠርዝ ተከቦ፣ ከላይ «ኮሞዶር 64 ቤዚክ ቪ2» የሚል ጽሑፍ፣ ከሥሩ 64 ኪሎባይት ሜሞሪ እንዳለውና 38911 ባይት ነጻ መሆኑን የሚገልጽ መስመር፣ ቀጥሎ «ሬዲ»፣ ከእሱ ሥር ብልጭ ድርግም የምትል አራት ማዕዘን። ቁጥሯን በደንብ ይዩ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሜሞሪውን እየፈተሸ ይሄድና የተበላሸ ቦታ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ስለዚህ ከ38911 ያነሰ ቁጥር ካዩ ሌላው ሁሉ ደህና ቢመስልም አንድ የሜሞሪ ቺፕ ታሟል ማለት ነው።

ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ

ከሁሉ የሚበዛው ችግር ይህ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ስለሆነ በቅደም ተከተል ይሂዱ። ቀዩዋ መብራት በርታ ሳለ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ «ኃይል አለው» ብለው አይለፉ። መብራቷ የምትበራው በ5 ቮልቱ ብቻ ነው። በቀደምቶቹ ቦርዶች የምስሉ ቺፕ 12 ቮልት ጭምር ይፈልጋል፤ 12 ቮልቱ ደግሞ የሚመጣው ከ9 ቮልት ኤሲው ነው። ቦርዱ ላይ ያለች ትንሽ የብርጭቆ ፊውዝ ከተቃጠለች መብራቷ እንደበራች ምስልም ድምፅም ይጠፋል፣ የካሴቱም ሞተር አይዞርም። ፊውዟ 1.5 አምፔር ናት። መጀመሪያ እሷን በመልቲሜትር ይፈትሹ፤ የብዙ ሰው ድካም እዚያው ያበቃል።

ፊውዟ ደህና ከሆነች ማሽኑ እንደበራ 5 ቮልቱን ቦርዱ ላይ ይለኩ፤ ጭነት ሲኖርበት ከ4.75 በታች ከወረደ ጥፋቱ ገና የሳጥኑ ነው። ቀጥሎ ማሽኑን አጥፍተው በመቀመጫ ላይ የተተከሉትን ቺፖች ከሁለቱም ጫፍ በትንሹ አነሳ አድርገው መልሰው ይጫኗቸው። ለዓመታት ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የኖረ ቺፕ ከመቀመጫው ይላቀቃል፣ እግሩም ይዝጋል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ጥቁሩ ካልለቀቀ ተጠርጣሪው ቁጥር አንድ ፒኤልኤ የሚባለው ቺፕ ነው። ሥራው አንጎሉ የጠየቀው አድራሻ ወደ ሜሞሪ፣ ወደ ሮም ወይም ወደ ሌላ ክፍል እንዲሄድ መምራት ነው፤ እሱ ሲሞት ማንም ከማንም አይገናኝም። በጣም ስለሚግል ይሞታል። ዛሬ የሚሠሩ፣ የማይግሉ ምትኮች አሉ።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ሜሞሪው ነው። ቀደምቶቹ ቦርዶች ላይ 4164 የሚባሉ ስምንት ቺፖች ተሰልፈው ያገኛሉ። ማሽኑን ለአንድና ሁለት ደቂቃ አብርተው በጣትዎ ጀርባ አንድ በአንድ ይዳስሷቸው። ስምንቱም እኩል ለብ ማለት አለባቸው፤ ከወንድሞቹ ተለይቶ የሚፋጅ ካለ ሌባው እሱ ነው። ፒኤልኤው፣ የምስሉና የድምፁ ቺፖች ግን በጤናቸውም ስለሚግሉ በእነሱ አይፍረዱ። ይበልጥ እርግጠኛ መሆን ከፈለጉ «ዴድ ቴስት» የተባለው ካርትሪጅ አለ፤ ኮምፒውተሩ ባይነሳም ራሱ ይሠራና ስክሪኑን ብልጭ ድርግም እያደረገ በቁጥር የትኛው ቺፕ እንደተበላሸ ይነግርዎታል።

የተበየደ ቺፕ ማውጣት ልምድ ለሌለው ሰው አይመከርም። የዚያ ዘመን ቦርድ መስመሮቹ በትንሽ ሙቀት ይላጣሉ። ቴፕና ቴሌቪዥን ሲጠግን የኖረ ሙያተኛ ጋ ይውሰዱት፤ ግን አንድ ነገር ይንገሩት፦ የሞተውን ቺፕ ለማዳን አይድከም። እግሮቹን ከአካሉ ጥግ በመቁረጫ ቆርጦ አካሉን ይጣል፤ ከዚያ የቀሩትን እግሮች አንድ በአንድ በማሞቅ ያውጣ፤ በቦታው መቀመጫ ይትከልና አዲሱን እዚያ ላይ ይጫን። ቦርዱ ከቺፑ ይበልጣል።

ምስሉ መጥቶ ኪቦርዱ ካልሠራ፣ ወይም ሁሉም ደህና ሆኖ ዲስኩ ብቻ ካልተናገረ፣ ሲአይኤ የሚባሉትን ሁለት ቺፖች ይመልከቱ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው፤ አንዱ ኪቦርዱንና ጆይስቲኩን፣ ሌላው የዲስኩን መስመር ይይዛል። በመቀመጫ ላይ ካሉ ቦታ ያቀያይሯቸው። ችግሩ አብሮ ከተዛወረ ቺፑን አገኙት።

አንዳንድ ቁልፎች ብቻ እምቢ ካሉ ግን ቺፕ አይጠርጥሩ፤ ከቁልፎቹ ሥር ያለውን ቦርድ በአልኮል ማጽዳት ይበቃል። ብዙ ደቃቅ ብሎኖችና የሺፍት ሎክ ሁለት የተበየዱ ሽቦዎች ይጠብቁዎታል። ጆይስቲኩን ደግሞ ማሽኑ በርቶ ሳለ አይሰኩ አይንቀሉ። በመጀመሪያው ወደብ ላይ ሲሰኩት ስክሪኑ ላይ ፊደል ቢረጭ ብልሽት አይደለም፤ ያ ወደብ ከኪቦርዱ ጋር መስመር ይጋራል። ብዙ ጨዋታዎች ሁለተኛውን ወደብ የሚጠቀሙትም ለዚህ ነው።

ዲስክ ድራይቩ

1541 የሚባለው ይህ ከባድ ሣጥን ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ነው፤ የራሱ አንጎል፣ 2 ኪሎባይት ሜሞሪና 16 ኪሎባይት ሮም አለው። ስለዚህ ከኮምፒውተሩ ጋር ሳያገናኙት ብቻውን ይፈትሹት። አፉ ውስጥ የማጓጓዣ ካርቶን ካለ ያውጡና ያብሩት። ቀዩ መብራት በርቶ ሞተሩ ለአጭር ጊዜ ይዞራል፤ ከዚያ ሁለቱም ይቆማሉ። ይህ ከሆነ አንጎሉ ጤነኛ ነው። ቀዩ ሳይጠፋ ሞተሩም ሳያቆም ከቀጠለ ችግሩ ቦርዱ ላይ ነው፤ ዲስኩን የሚያነበውን ሄድ ማጽዳት አያድነውም።

አጥፍተው፣ ስፒናውን ነቅለው ይክፈቱት። ሁለት ጎን ለጎን የተዘረጉ ዘንጎች ላይ የሚንሸራተት ትንሽ አካል ያያሉ። ሄዱ እሱ ላይ ነው፤ ወደ ላይ ይመለከታል። ከበላዩ ዲስኩን የሚጫን ጨርቅ ያለው ክንድ አለ። ክንዱን በጣትዎ በትንሹ ብቻ አንስተው በአልኮል በራሰ ጥጥ ሄዱን ይጥረጉ፤ ጥጡ ቡናማ ሆኖ ከወጣ አዲስ ወስደው ንጹሕ እስኪወጣ ይድገሙ። ዘንጎቹ ላይ የደረቀ ግራሶ ካለ ጠርገው ቀጭን የማሽን ዘይት ጠብታ ያድርጉ። አፉ ወደ ታች የሚጫን ክዳን ያለው ድራይቭ የአልፕስ ሥራ ነው፤ በመቆለፊያ የሚዞረው የኒውትሮኒክስ ነው። ከሁለቱ ሄዱ በመበላሸት የታወቀው ሁለተኛው ነው፤ ሊገዙ ከሆነ የመጀመሪያውን ይምረጡ።

አሁን ሁሉም ጠፍቶ እያለ በባለስድስት እግር ገመድ ያገናኙዋቸው። ለሙከራ የሚወዱትን ዲስክ አይጠቀሙ። ባለ 5 ከሩብ ኢንች ባዶ ዲስክ ይፈልጉ፤ «ደብል ዴንሲቲ» የሚል ይሁን፣ ለኋለኞቹ ፒሲዎች የተሠራው ባለ 1.2 ሜጋባይት አይሆንም። ፎርማት ሲያደርጉት ድራይቩ መጀመሪያ ላይ እንደ ተሰበረ ነገር ይንኳኳል። አይደንግጡ፤ ሄዱ መነሻው ላይ መድረሱን የሚያውቅበት መሣሪያ ስለሌለው ግድግዳውን እስኪመታ ድረስ ወደ ኋላ ይገፋል። ማውጫውን ለማየት «ሎድ» የሚለውን ትእዛዝ በላቲን ፊደል ይጻፉና የዶላር ምልክቱን በጥቅስ ውስጥ አስገብተው ነጠላ ሰረዝና 8 ያስከትሉ፤ ሲጨርስ «ሊስት» ይበሉት። 664 ብሎክ ነጻ ካለዎት ድራይቩ ይጽፋልም ያነባልም። በዶላሩ ቦታ ኮከብ፣ ከ8ቱም በኋላ ነጠላ ሰረዝና 1 ካደረጉ የዲስኩን የመጀመሪያ ፕሮግራም ይጭናል። ፍጥነቱ በሰከንድ ከ300 እስከ 400 ባይት ገደማ ነውና ቡናዎን ይዘው ይቀመጡ።

ካሴት

የካሴት ማጫወቻው ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም። ቴፕ ሲያንቋርር ሄዱን በጥጥ የጠረገና የተፈታ ክር በእስክሪብቶ ያጠነጠነ ሁሉ ሥራውን ያውቀዋል። ሄዱን፣ ዘንጉንና የላስቲክ ጎማዋን በአልኮል ይጥረጉ። ቺንጋው ቀልጦ ሬንጅ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ፤ ጠርገው ተመሳሳይ ርዝመት ያለው ይተኩ። ከዚህ በኋላም ማንበብ እምቢ ካለ የሄዱን ዝንባሌ የምታስተካክለውን ብሎን በቀጭን ካቻቪቴ በጣም በትንሹ ያዙሩ። ሙዚቃ ቢሆን ድምፁ ይደበዝዛል እንጂ ይሰማል፤ ፕሮግራም ግን ወይ ይጫናል ወይ አይጫንም። ሲጭን ስክሪኑ ባዶ መሆኑ የተለመደ ነው።

ዲስኮቹን ማዳን

ማሽኑ ሲነሳ ጨዋታ ለመጫወት እጅ ይቸኩላል። ከዚያ በፊት ግን ዲስኮቹን አንድ በአንድ ብርሃን ላይ ይዘው በመስኮቷ በኩል ያዟዙሩ። ክረምቱን እርጥበት ባለበት ቤት ያሳለፈ ዲስክ ላይ ነጭ የሻጋታ ነጠብጣብ ያገኛሉ። እንዲህ ያለውን በጭራሽ አያስገቡ፤ ሻጋታው ሄዱ ላይ ይለጠፍና ቀጥሎ የሚገባውን ጤነኛ ዲስክ ይቧጭራል።

ጤነኞቹን ወደ ዘመናዊ ኮምፒውተር ለመገልበጥ «ዙምፍሎፒ» የሚባል በዩኤስቢ የሚሰካ ማገናኛ አለ፤ 1541ን በቀጥታ ከላፕቶፕ ጋር ያነጋግረዋል። የአንድ ዲስክ ሙሉ ቅጂ 174848 ባይት ብቻ ነው፤ በመቶ የሚቆጠሩ ዲስኮች ትንሽ ፍላሽ ላይ ይተኛሉ። ከዚያ በኋላ ለዕለት ጨዋታ ዋናዎቹን ማንሳት አያስፈልግም። ቅጂዎቹን በኮሞዶሩ ላይ ለመጫን ርካሹ አማራጭ ኤስዲ ካርድ የሚያነበው «ኤስዲቱአይኢሲ» ነው፤ ነገር ግን የድራይቩን አንጎል ስለማይመስል የራሳቸው ፈጣን መጫኛ ያላቸውን ጨዋታዎች ብዙ ጊዜ አያነሳም። ለእነዚያ በራስበሪ ፓይ ላይ የሚሠራው «ፓይ1541» ይሻላል፤ እሱ ድራይቩን ራሱን ይመስላል።

ሲገለብጡ የማይነበብ ትራክ ከገጠመዎት ዲስኩን አይጣሉ። ሄዱን ያጽዱ፣ ዲስኩን አውጥተው ደግመው ያስገቡ፣ ካልሆነም በሌላ ድራይቭ ይሞክሩ። የሁለት ድራይቮች ሄድ አቀማመጥ በጥቂቱ ስለሚለያይ አንዱ ያልቻለውን ሌላው ያነበዋል።